አያ ዓብዱ ሰንበቴ የደረሰበት ቀን

አያ ዓብዱ ዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ከሚሴ ውስጥ ሰላም የማይለው ሰው አልነበረም፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያጫውተው ግን አንድም አልነበረም። ጎረቤቱ ነኝና ራሴን ነጻ አላወጣም። «አያ ዓብዱ፣ አካም ጂርታ!» ብዬ መልሱን ሳልሰማ የማልፈው እኔው ነበርኩ።

በ2003 ዓ.ም. የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን ልጆች የሚጽፉበት የብሬል ወረቀት አለቀ። አያ ዓብዱ ይህን ሰምቶ በዱላው እየዳሰሰ ቢሮዬ ድረስ መጣ።

«ከዚህ ሰንበቴ ከተማ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ብቻዬን። ከደረስኩ ሰው ለልጆቹ ያዋጣ» አለኝ።

ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሃል? ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ የሰው እጅ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። እስኪ አንድ ቀን እኔም ልስጥ!»

ነጋዴው ሁሉ «በእግሩ ከገባ» እያለ ቃል ገባ። አያ ዓብዱ በጠዋት ተነሳ። የሚሸኘው ብዙ ነበር፣ አብሮት የሚሄድ ግን ጠፋ። ቀኑን ሙሉ የጨፋን ሜዳ ሲያቋርጥ ውሎ አንድ ገበሬ ቤት አደረ።

በማግስቱ ፀሐዩ ሲበረታ በድሩ አገኘው፤ ድሮ አብሮት የሠራ ሹፌር ነው። መኪናውን አቁሞ «ግባ» አለው። «አልገባም፣ በእግሬ ነው» ቢለው በድሩ ይሉኝታ መሰለው።

«ወላሂ ሳትገባ ከዚህ አልንቀሳቀስም!»

በእኛ አገር የሰው መሐላ ማስፈረስ ነውር ነው። አያ ዓብዱ ጥቂት ሄዶ ሊወርድ አስቦ ገባ። በድሩ ግን ሰንበቴ እስኪደርስ አላቆመም። ገበያው ጀርባ አወረደውና «ቀሪዋን በእግርህ ግባ፣ ማን ያውቅብሃል?» ብሎት ሄደ።

እኛ በመኪና ቀድመነው ከብት ተራው ዳር ተሰብስበን ነበር። ብቅ ሲል አጨበጨብን፣ መዋጮው ዘነበ። እሱ እጁን አነሳ።

«አልደረስኩም። መኪና ነው ያመጣኝ።»

ሰዉ ሳቀ። «ይሁን፣ ሰጥተናል!» አሉት። እኔም ጠጋ ብዬ «ተወው በአላህ፣ ለልጆቹ ስትል» አልኩት።

«ገንዘቡን ለልጆቹ አድርስ። የእኔ መንገድ ግን ቀርቷል።»

አንድ ሚኒባስ ለምኖ፣ የቀረውን በእግሩ ሊጨርስ የበድሩ መኪና ወዳነሳው ቦታ ተመለሰ። አልተከተልኩትም። ገንዘቡን የማስረክበው እኔ ነኝ ብዬ ከሚሴ ገባሁ፤ ሌላ ሰው ሊያስረክብ ይችል ነበር። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

የቀረውን የነገረኝ ከሳምንታት በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ገብቼ ከአጠገቡ የተቀመጥኩ ዕለት ነው። በእግሩ ሰንበቴ የደረሰው በሚኒባስ በተመለሰ በነጋታው ነበር። ገበያው ተበትኗል፤ ያጨበጨብንበት ቦታ ላይ የእበት ሽታና ነፋስ ብቻ ነበር። ቆሞ ቆይቶ የሴት ኮቴ ሰማ።

«እህቴ፣ ይሄ ሰንበቴ ነው?»

«አዎ። ምን ፈልገህ ነው፣ አባቴ?»

«ምንም። በእግሬ መድረሴን ለሰው ልናገር ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ «ዱዓ አድርግልኝ» ብላ አንድ ብር እጁ ውስጥ አስገባችና ሄደች።