በጥላሸት የጻፍኩት የእትዬ ዘነቡ ስም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ ሙሉውን አልነገርኩትም። ለነፍስ አባቴም በየጾሙ ተንበርክኬ «ሰው አማሁ፣ ልጅ ረገምኩ» እያልኩ ትንንሹን እያወጣሁ ትልቁን ደብቄአለሁ። አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። ምናልባት የደፈርኩት ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል።

አደጋ መምጣቱ የታወቀኝ ታቦት ወጥቶ ሳለ ነው። የደብራችን ክብረ በዓል ነበር። ታቦቱ ከቅጽሩ ወጥቶ በእትዬ ዘነቡ ቤት በኩል ሊዞር ሲል ከፊት ያሉት ሰዎች ቆሙ። እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየሞተ መጣ። የደብሩ አለቃ ጥላው ሥር ሆነው የእትዬ ዘነቡን ግድግዳ ያያሉ። ግድግዳው ላይ እኔ በጆንያ ላይ የሠራሁት የምርጫ ምልክት ተሰቅሏል።

«ይህ ምንድነው? እስቲ አንብበው» አሉት ለአንዱ ዲያቆን።

ዲያቆኑም የዜማ ድምፁን እንደያዘ አነበበ፤ «ወንፊትን ምረጡ፤ ፍሬውን ከግርዱ ይለያል። ያዘጋጀችው፣ ወይዘሮ ዘነበች።»

እትዬ ዘነቡ አጠገቤ ነበረች። ክንዴን ጭብጥ አደረገችና «አስኑ፣ ስሜን ጠራው? የእኔ ስም እዚያ ምን ሊሠራ ገባ?» አለችኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ክንዴን ከእጇ አላቀቅሁ። በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩና ከሴቶቹ መሀል ገባሁ። ያን ጊዜ ነው ሁሉ ነገር የገባኝ። አይ፣ ዋሸሁ። ቀድሞም ገብቶኛል።

እትዬ ዘነቡ ማን እንደነበረች ልንገራችሁ። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወጣላት ሴት ነበረች። የቤተ ክርስቲያኑን መገበሪያ ስንዴ ለቅማ የምትፈጭ እሷ ናት። ስለዚህም ከቅጽሩ ጥግ ያለችውን አንድ ክፍል ቤት ደብሩ ሰጥቷት ትኖር ነበር። ከዚያች ቤት በቀር በዚህ ዓለም የሚጠጋት ነገር የላትም። የበኩር ልጄን ደረጀን ያዋለደችኝም እሷ ናት። ፊደል አልቆጠረችም።

እኔም ብዙ አልቆጠርኩ። ሦስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ተዳርኩ። ኋላ ግን በሰፈራችን ያስተምር የነበረ መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ እናቶችን ሰብስቦ ያስጽፈን ጀመረ። አንድ ቀን ደብተሬን ለሁሉም እያሳየ «የአስናቀችን እጅ እዩልኝ፣ እንዴት ያምራል!» አለ። በዕድሜዬ ሰው ስለ እጄ ጽሕፈት ተናግሮ አያውቅም። ስለ እጄ የሚነገረው ክር ስፈትል ወይ ኩበት ስጠፈጥፍ ነው። ያቺ ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ቀረች። ሰውን የሚያጠፋው ስድብ ብቻ ይመስላችኋል? እኔን ምስጋና ነው ያጠፋኝ።

ያ መምህር በምርጫው በግል ተወዳደረ። ምልክቱ ወንፊት ሆነ። ሰው ይስቅበት ነበር። «በወንፊት ውሃ ልትቀዱ ነው?» ይሉናል። መምህሩ ግን አይቆጣም። አንድ ቅዳሜ ገበያው ዳር ሰበሰበንና ስለ ምልክት አሠራር ነገረን። ማንም ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ በገዛ ቤቱ መስቀል ይችላል፣ የግድ የፓርቲ ሰው መሆን የለበትም አለን።

አያሌው የሚባል ቀልደኛ ጎረቤታችን ተነሣና «መምህር፣ በበሬዬ ቀንድ ላይ ብሰቅለውስ?» አለው።

«በሬው ያንተ ከሆነ፣ እሱም ከተስማማ፣ ስቀል» አለው። ሳቅን።

ከዚያ መምህሩ ኮስተር አለ። «በሰው ግድግዳ ባለቤቱ ሳይፈቅድ እንዳትሰቅሉ። የሌላውን ምልክት እንዳትቀድዱ፣ እንዳትሸፍኑም። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አይነካም። የቤተ ክርስቲያን የሆነ ነገርም አይነካም፤ ግቢውም፣ አጥሩም፣ ቤቱም። ከሁሉም በላይ ከታች የሠራው ሰው ስም ይጻፍ። ስም የሌለው ምልክት ጆሮው ላይ ምልክት እንደሌለው በግ ነው፣ ሲጠፋም ሲያጠፋም ባለቤት የለውም።»

እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። እትዬ ዘነቡ ግን ያን ቀን ስንዴ ስትለቅም ስለዋለች አልነበረችም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ባሌን ፈራሁት። ደረጀ ያን ሰሞን ነበር መሐል ሜዳ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በኮንትራት የተቀጠረው። ባሌ «የልጅሽን እንጀራ በጥላሸት እንዳታጠፊው! ስምሽ በጨርቅ ላይ ተጽፎ ብሰማ አንድ ቤት አንኖርም» ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ምልክቱን ከእትዬ ዘነቡ ቤት ሠራሁት። የማዳበሪያ ጆንያ ተርትረን ገለበጥነው። የድስት ቂጥ ፋቅሁና ጥላሸቱን በተልባ ውሃ ለወስኩት። ጫፉን ባኘክሁት መፋቂያ ወንፊቱን ሳልኩ፣ ከዚያ ፊደሉን ጻፍኩ። እሷ ጆንያውን በሁለት እጇ ወጥራ ይዛልኝ «ውይ፣ አስኑ! ይቺ ደግሞ ምን ትላለች?» እያለች ትጠይቀኛለች። እኔም እንደ መምህርት እመልስላታለሁ።

ስም ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ስሜን ልጻፍ? ደረጀ ትዝ አለኝ። ባዶ ልተወው? ሕጉ አይፈቅድም፣ መምህሩም ያዝንብኛል። ያን ጊዜ ቀና ብዬ አየኋት። ጥላሸት አፍንጫዋን ነክቷት ትስቃለች። ማንም የሌላት ሴት ናት፣ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ እሷን ምን ያደርጓታል አልኩ። ይህንን አሰብኩ። ማንም ስለሌላት አሰብኳት! ስሟን ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩት፣ በዚያ ያምራል በተባለው እጄ፣ ከሁሉም ፊደል አሳምሬ ጻፍኩት።

«ይቺስ የመጨረሻዋ?» አለችኝ።

«መምህሩን ምረጡ ነው የምትለው» አልኳት።

«እሰይ! የት እንሰቅለዋለን ታዲያ? እዚህ ይሰቀላል ወይ? ቤቱ እኮ የደብሩ ነው።»

እሷ ፊደል ያልቆጠረችው ጠየቀች። ሕጉን የሰማሁት እኔ ነበርኩ። ግድግዳዋ ታቦት ወደሚያልፍበት፣ ሕዝብ ሁሉ ወደሚያየው መንገድ ይዞራል። ጽሕፈቴ እንዲታይልኝ ፈለግሁ። «ቤትሽ አይደል እንዴ? የሚኖርበት ሰው ነው ባለቤቱ» አልኳት። አመነችኝ። በበዓሉ ዋዜማ ማታ ድንጋይ ፈልጋ ምስማሩን የመታችው ራሷ ናት።

ከበዓሉ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። ለማታውቁት፣ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ላይ ይቀመጥና እያንዳንዱ ሰው እየተነሣ የሚያውቀውን በመሐላ ይናገራል። ከቅጽሩ ውጭ ሜዳው ላይ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ከፊት ነበሩ። አለቃው የመቋሚያቸውን ጫፍ መሬት ላይ ተክለው «የታቦት መንገድ የገበያ ግድግዳ ሆነ» ብለው ጀመሩ። «ዘነበች፣ ይህ ያንቺ ሥራ ነው?»

«ስሜ ከሆነ የእኔ ነው» አለች።

«አንቺ ፊደል አታውቂ! ማን ጻፈልሽ?»

ወደ እኔ አልዞረችም። አንዴ እንኳ ዓይኗን አልጣለችብኝም። አያሌው ከኋላ «እትዬ ዘነቡ፣ ወንፊት ካማረሽ ከእኛ ቤት ወስደሽ ገብስ ብትነፊበት ምን ነበረበት!» ሲል ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ፈገግ አለች። አንድ ሽማግሌ ተቆጡና ሳቁ ቆመ። አለቃው «አውቆ የደበቀ፣ ሰምቶ ያልተናገረ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን» አሉ። ከዚያ በየተራ መነሣት ተጀመረ።

ተራዬ ደረሰ። ተነሣሁ። ባሌ መሬት መሬት ያያል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ «እኔ ነኝ።» ሁለት ዓመት ፊደል ተምሬ ይህችን ማለት አቃተኝ?

«የማውቀው የለም» አልኩ።

«ማይልኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ማርያምን!» አልኩና ተቀመጥኩ።

ፍርዱ አጭር ነበር። መገበሪያውን ሌላ ሰው ይፍጭ፣ ቤቱም ይለቀቅ ተባለ። የጻፈውን ሰው ከተናገረች እንደሚምሯትም ጠቆሟት። «የምናገረው የለኝም አባቴ» አለች። በማግስቱ ባናዋን በጀርባዋ አዝላ፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ራቤል ያለው የወንድሟ ልጅ ዘንድ ሄደች። በበራችን ስታልፍ እኔ ጓዳ ገብቼ ቆሜ ነበር። ኮቴዋን ሰማሁት። ቆም አለች፣ ከዚያ ሄደች።

እንደ ፈራሁት ምን የደረሰ ይመስላችኋል? በየቤታቸው ሰቅለው ስማቸውን የጻፉ ሰዎች ነበሩ። አንዱንም ማንም ምንም አላለው። መምህሩ ተሸነፈ፣ ሰው ትንሽ ሳቀ፣ አለቀ። ደረጀም ቋሚ ሆነ፣ ሚስት አገባ። የፈራሁት ነገር አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ግን ጥፋቴ ያንስ ነበር? አያንስም። እኔ ሴትዮዋን የሸጥኳት ላልመጣ ጅብ ነው።

ግዝቱ ግን መጣ። ከዚያ ወዲህ መቅደሱን በሩቁ ነው የምሳለመው። «አስናቀችን ወገቧን አሟት ነው» ይላሉ። እውነት አስመስዬ ወገቤን እይዛለሁ። አንድ ጊዜ መሐል ሜዳ ገበያ የሱፍ ክር ስትሸጥ አየኋት። ከስታለች። ከጨው ነጋዴው ጆንያ ኋላ ተደብቄ እስክትሄድ ጠበቅሁ። የገዛ ሰውነቴን ጠልቼው ዋልኩ።

ዘንድሮ ደግሞ የምርጫ ወሬ መጣ። የጎረቤቴ ልጅ ንጹህ ጆንያ ይዛ መጥታ «እትዬ አስኑ፣ እጅሽ ያምራል ይባላል፣ ጻፊልኝ» አለችኝ። ጆንያውን ወደ እሷ መልሼ ገፋሁት። «አልችልም» አልኳት። ማልቀስ ስጀምር ልጅቷ ደነገጠች። በሳምንቱ ለባሌ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ አልኩና ከመሐል ሜዳ የራቤል መኪና ተሳፈርኩ።

ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። እትዬ ዘነቡ ከበሩ ፊት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች። ፀጉሯ ሁሉ ነጥቷል። እንዝርቷን አስቀመጠችና ግንባሯ ላይ እጇን አድርጋ አየችኝ።

«አስኑ ነሽ? ኧረ እኔ ልሙትልሽ! ልጆችሽ ደኅና ናቸው? ደረጀስ? ሥራውን ይዟል?»

«ይዟል እትዬ።»

«እሰይ። ያን ቀን ይባረራል ብዬ ፈርቼለት ነበር።»

መሬት ላይ ተደፋሁ። እግሯን ያዝኩ። «እትዬ፣ የመጣሁት ልነግርሽ ነው፣ ያን ጽሑፍ እኮ...»

«ተነሺ» አለች። ድምጿ ሌላ ሆነ። እንዲህ ስትቆጣ ሰምቻት አላውቅም። «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ እዚያው ነበርኩ እኮ! ጆንያውን ማን ያዘልሽ? ስሜን እንደጻፍሽ ዲያቆኑ ሲያነበው አወቅሁ። አንቺ እስክትነሺ ጠበቅሁሽ። ተነሣሽ፣ ማልሽ፣ ተቀመጥሽ።»

«ይቅር በይኝ እትዬ።»

«እኔ ይቅር ብልሽ ማን ይሰማል? አገሩ ሁሉ ዘነቡ ታቦት የደፈረች ናት ይላል። የሰማው ሕዝብ ይስማ፣ ከዚያ ነዪና ይቅር በይኝ በይኝ።»

ምሳ ሳታበላኝ አልሸኘችኝም። እንደ እንግዳ አበላችኝ። መጉረስ አቃተኝ።

ስመለስ መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እየጮኸ ነበር፣ ጉሙም መንገዱን ውጦታል። ሴቶቹ «ኧረ ማርያም!» ይላሉ። እኔ ስሟን መጥራት አፈርኩ። በሕዝብ ፊት ቆሜ ስናገር ታየኝ፣ ባሌ ታየኝ፣ አለቃው ታዩኝ፣ ልጄም «እማዬ አንቺ ነሽ?» ሲለኝ ታየኝ። ከመኪናው በላይ ያ አስፈራኝ። ዛሬም ያስፈራኛል። ከቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ በፊት ለእናንተ የጻፍኩትም ስለ ፈራሁ ነው፤ ጀግንነት አታድርጉልኝ። ለሜዳው ገና አልተነሣሁም።

ባሌ ከልክሎኝ ነው አልልም። አልተማርኩም አልልም። ለልጄ ብዬ ነው አልልም፣ ልጅ የሌላትን ሴት ልጅ በሚባል ነገር አልመታትም። እኔ ጻፍኩት፣ እኔ ማልኩ፣ እኔ ዝም አልኩ።

ያን ዕለት ማታ በሰላም ቤቴ ገባሁ። እሳቱ ነዷል፣ በጎቹ ገብተዋል፣ ባሌ «ሐኪሙ ምን አለሽ?» አለኝ። «ደኅና ነሽ አለኝ» አልኩት። በሩን ቀርቅሬ ተቀመጥኩ። እውነት ነው፣ ደኅና ነኝ። ከእነ ልጆቼ ደኅና ነኝ፣ ማንም አልነካኝም። እትዬ ዘነቡ በሰው ቤት ናት።