ዝቅ ያለች መኪና፣ ሙሉ ጣሳ ውሃ እና የአማቴ ዓይን

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ዲላ

አውራ ዶሮ ገና ጉሮሮውን አልጠረገም። በራችን ላይ የቆምነው ሦስት ሰዎች ነን፤ ባለቤቴ ብርቄ፣ አባቷ አቶ ተሰማና እኔ። አራተኛዋ መኪናዬ ናት፤ እሷን ግን ቆማለች ማለት ይከብዳል፤ ተጋድማለች። ከእኔ በፊት የነዳት ጎረምሳ የስፖርት መኪና መሬት ካልላሰች አታምርም ብሎ ሞላዎቿን አስቆርጦ ዝቅ አድርጓታል። ጉንዳን በሥሯ ሲያልፍ ጎንበስ ይላል። ጎረምሳው ሚስት ሲያገባ ለእኔ ሸጠልኝ፤ እኔ የሒሳብ መምህሩ፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ሒሳቡን ሳልሠራ ገዛኋት።

የምንሄደው ሞያሌ ነው፤ ያውም የኬንያው። ሚሌኒየሙን ከተቀበልን ዓመት አልፎናል። እዚያ የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ድንኳን ተክለው ሞራ ይገፍፋሉ የሚል ወሬ በከባድ መኪና ሾፌሮች አፍ ደርሶናል። አባባ (አማቴን የምጠራው እንዲህ ነው) ራሳቸው ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ግራ ዓይናቸውን ድሮ የድንጋይ ፍንጣሪ ወስዶታል። የቀረችው ቀኟ ናት፤ እሷም ሞራ ለብሳ አሁን የምትለየው ቀንና ሌሊትን ብቻ ነው።

«ያለቻቸው አንድ ናት» አለችኝ ብርቄ በመስኮቱ በኩል። ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷን አየሁና ዋጥኩት።

አምስት ሰዓት፤ ያቤሎን አልፈን

አስፋልቱ አስፋልት ነው፤ ጉድጓዶቹ ግን አንዳንዶቹ የራሳቸው ቀበሌ ሊኖራቸው ይገባል። በአንዱ ገባሁ። ከሥር «ጧ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ መኪናዋ ወደላይ ወደታች ማለቷን አላቆምም አለች።

«የፊት ቀኝ አሞርዛተርህ ሞተ» አሉ አባባ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ።

የለም፣ ድንጋይ ነው አልኩ። እሳቸው ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዱ አስረዱኝ፤ ሞላ ያዘልላል፣ አሞርዛተር ዝላዩን ይይዛል፤ የሚይዝ ከሌለ መኪና እንደ ሠርግ ቤት ጨፋሪ አበቃሁ አትልም። ሞላዋ ተቆርጦ የፋብሪካውን ረጅም አሞርዛተር ማሰር ደግሞ ለአጭር ሰው የረጅም ሰው አጥንት መስጠት ነው፤ አንድ ቀን ይሰበራል። ያ አንድ ቀን ዛሬ ሆነ። ሜጋን፣ ከሜጋ ወዲያ ያለውን ሜዳ ሁሉ እስክስታ እየመታን አለፍነው።

አሥር ሰዓት፤ ሞያሌ፣ ድንበሩ

በሩን ስታልፍ ከቀኝ ወደ ግራ ትዞራለህ፤ ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። የበሩ አስካሪ፣ ጥበቃው ማለት ነው፣ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና በስዋሂሊ አንድ ነገር አለ። ከኋላችን የነበረ የቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂ ተረጎመልኝ፤ የቀረው አካሏ በሌላ መኪና ይመጣል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ያረፍነው የአባባ የድሮ ወዳጅ ሐጂ ኑርዬ ቤት ነው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ በድንበሩ ወዲያና ወዲህ ሲነግዱ ጢማቸው ነጭቷል። ሱቃቸው የመኪና ዕቃ ነው። ከናይሮቢ በጭነት መኪና፣ በአቧራና በሽፍታ መሃል የመጣ ያገለገለ የጃፓን ዕቃ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። መኪናዬን አይተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ሐዘን ቤት እንደሚደረገው።

ዓርብ፤ ድንኳኑ

ጠዋት አስገቧቸው። ሞራው ተገፈፈ፣ ፋሻው በማግሥቱ ይፈታል ተባለ፤ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልያዘኝም።

ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት

ከድንኳኑ ደጅ ከሐጂ ጋር ቆሜያለሁ። አንዲት ነርስ ወጣች። በእንግሊዝኛና በእጄ ቀላቅዬ ጠየቅኋት፤ የአቶ ተሰማ ዓይን እንዴት ሆነ፣ ያያል?

«ባዶ» አለችና አልፋኝ ሄደች።

አንባቢዬ፣ እኔ ሰው እያሳቅኩ የምኖር ሰው ነኝ። በዚያች ደቂቃ ግን ቀልዱ አለቀብኝ። ባዶ። ያለቻቸው አንዷ ባዶ። ለብርቄ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ መሬት ላይ ተቀምጬ አገኘሁት ራሴን።

ሐጂ በክንዴ ያዙኝ። «አብሽር፣ ተነስ። በነሱ ቋንቋ ባዶ ማለት ገና ማለት ነው። ገና አልፈታንም ነው ያለችህ።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሐኪሙ ራሱ ወጣ። ፋሻው ተፈትቶ አባባ ጣት ቆጥረዋል፤ ተመልሶ ታስሯል። የእኔን ታሪክ ሐጂ ለአባባ ሲነግሯቸው ሳቁ፤ ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ስፌቱ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ መንገጫገጭ የለም፤ ጎንበስ ማለት የለም አለ። ድንኳኑ ነገ ይነሳል፤ ከነገ በኋላ እዚህ ይህንን ዓይን የሚያይ ሐኪም ስለሌለ ሰኞ ዲላ ሆስፒታል መታየት አለበት። በምን እንደምንሄድ ጠየቀ። አሳየሁት። አያት፣ በእግሩ መታት፤ እስክስታዋን ጀመረች።

በዚህች አይሄዱም አለ። አውቶብሱ እንደ ቆርቆሮ ይንጣል፣ በዚያ ላይ ሰው በሰው ላይ ነው። የጭነት መኪናውን አታንሱት። ወይ አሞርዛተር፣ ወይ የአባባ ዓይን በዕድሏ።

አምስት ሰዓት፤ የሐጂ ሱቅ

ሐጂ ሦስት ዓይነት መሬት ላይ ደረደሩ። አባባ በአንድ ዓይን ፋሻ፣ በሌላው ጨለማ፣ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ምርጫውን ለእጃቸው ሰጡ።

የመጀመሪያው አዲስ፣ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ፣ የፋብሪካ ልክ ነው። አባባ በስንዝራቸው ለኩት፤ «ይሄ ለቆመች መኪና ነው። የኛዋ ተቀምጣለች» ብለው መለሱት። ሁለተኛው አጭር፣ ለእሽቅድምድም የተሠራ ነው። በመዳፋቸው ሊጫኑት ሞከሩ፤ ንቅንቅ አላለም። አንድ ጠባይ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ክፉ ነው አሉ።

ሦስተኛው ያገለገለ፣ ሰማያዊ፣ አራት ነው። አናቱ ላይ በጣት የሚዞር ትንሽ ራስ አለው፤ ሲዞር «ጠቅ» ይላል፤ ከጫፍ ጫፍ አሥራ ሁለት ጠቅ። በዞረ ቁጥር ጠባዩ ይለወጣል፤ ከለስላሳ ወደ ጠንካራ። አባባ አንድ በአንድ ተጫኑት፣ ለቀቁት፣ ሲመለስ አዳመጡት፤ ዘንጉን በአውራ ጣታቸው ዳሰው ዘይት አሸተቱ። ለኋላ ከሚታሰሩት አንዱን ሁለቴ ሞከሩት።

«የዚህ ልቡ ደካማ ነው። ኋላ ግራ እሰሩት፤ ከኔ ይራቅ።»

ዋጋውን ለብርቄ ስላልነገርኳት ለእናንተም አልነግርም።

የሐጂ መካኒክ ጉዮ ይባላል፤ የቦረና ልጅ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት አገር የሚዞር ሰው። ሊያስር ክሪክ አገባ፣ ማለትም ለማግባት ሞከረ፤ መኪናዋ ሥር ክሪክ የሚገባበት ክፍተት ስለሌለ አራት ሰው ከፍ አድርጎ ያዛት። ከዚያ ጠየቀኝ፤ «መምህር፣ ንጉሙ ነው የምትፈልገው?»

ንጉሙ ምንድን ነው አልኩ። «ጃባ» አለ በኦሮምኛ። ጃባ ጠንካራ መሆኑን አውቃለሁ። አዎ፣ ጠንካራ፣ በጣም ጠንካራ አልኩት። እኔ ያልኩት ዕድሜ ያለው፣ የማይሰበር ነው። እሱ አራቱንም እስከ ጫፍ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛው ጠቅ አዞራቸው።

ዘጠኝ ሰዓት፤ የዳበል መውጫ

ሙከራ ሊደረግ ነው። ችግሩ፣ አባባን አሳፍሮ መሞከር ራሱ ዓይናቸውን መሞከር ነው። መፍትሔውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። የዱቄት ወተት ጣሳ አስመጥተው እስከ አፉ ውሃ ሞሉትና በሽርጥ ተደግፎ እሳቸው በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጣሳው እኔ ነኝ አሉኝ። ወደ ዳበል መንደር የሚወስደው መውጫ ደርሰህ ተመለስ፤ የቀረውን እኔ አየዋለሁ።

ሄድኩ። ጥርሴ ከጥርሴ ተጋጨ፤ መነጽሬ አፍንጫዬን ትቶ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠ። አንድ ፍየል ከመንገዱ ዳር ቆማ አዘነችልኝ። ስመለስ አባባ ጣታቸውን ጣሳው ውስጥ ሰደዱ፤ ታች እስኪደርሱ እርጥበት አላገኙም።

«ዓይኔ ፈሰሰ» አሉ በቀስታ።

ማንም አልሳቀም። ጉዮ፣ በደንብ ንጉሙ ይሁን ያልከው አንተ ነህ ብሎ ተቆጣ። ጠንካራ የሚለው ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ያኔ ገባኝ። በቀጣዩ ሁሉንም ወደ መጨረሻው ልስላሴ መለስነው። አሁን ደግሞ መኪናዋ እንደ ጀልባ ዋለለች፤ ከዚያ አንዲት እብጠት ላይ ከሥር ተመትታ ዘለለች። ጣሳው ግማሽ ሆኖ ተመለሰ። አባባ በጥፍራቸው ምልክት አደረጉበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሰዓት የሠራሁት ትልቁ ሒሳብ ነው። ፊት ሦስት፣ ኋላ ሦስት። ፊት አምስት፣ ኋላ አራት። በየዙሩ ጉዮ ኮፈን ይከፍታል፣ ጠቅ ያደርጋል፤ እኔ እሄዳለሁ፤ አባባ ጣታቸውን ይነክራሉ፤ ሰው በዙሪያችን በዝቷል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ፊት አራት ኋላ ስድስት ላይ፣ ጣታቸው ገና የመጀመሪያው አንጓ ሳይደርስ ውሃ ነካ። ጣታቸውን በሽርጡ ጠረጉ።

«በዚህ እሄዳለሁ» አሉ።

እሑድ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ጎንበስ ማለት የተከለከለን ሰው ጉልበት በማይደርስ መኪና ውስጥ ማስገባት ሶፋ በመስኮት እንደ ማስገባት ነው። ሐጂ፣ ጉዮና እኔ በጀርባቸው አስጠግተን፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገን፣ እንደ ዕቃ አወረድናቸው። ጣሳውን ሞልተው ጭናቸው ላይ ይዘውታል። እጄ ሲረጥብ እነግርሃለሁ አሉኝ።

የበሩ አስካሪ ምንም አልጠየቀም። ወደ ቀኝ ዞርኩና ወደ አገሬ ገባሁ።

እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። አህያ ቀደመን ብል ግነት አይደለም፤ ሁለት አህያ ነው የቀደመን። «እጄ» ሲሉ እግሬን አነሳለሁ። ሜጋን አልፈን ሙቀቱ ሲበረታ አባባ አንገታቸውን ሳያዞሩ የኋላ ግራው ደክሟል፣ ዘይቱ ሞቆ ቀጥኗል፣ አንድ ጨምርለት አሉ። ቆምኩ፤ ከኋላ ከፍቼ ጠቅ አደረግኩ። ትንሽ ሄደን ሌላ አንድ።

ያቤሎ ሳንደርስ ግመሎች ከቁጥቋጦ ወጥተው መንገዱን ዘጉት። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋች፤ የጣሳው ውሃ በሙሉ አባባ ጭን ላይ ሄደ።

ቆመናል። ግመሎቹ ያልፋሉ። ሞተሩን አጠፋሁ። አባባ እጃቸው ባዶው ጣሳ ላይ እንዳለ ነው። ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ዓይንዎ?» አልኩ በመጨረሻ።

«ባዶ» አሉ።

መሪውን ለቀቅኩት። እሳቸው ጨመሩ፤ «በሐጂ ትርጉም ነው። ሰኞ ይታወቃል። ንዳ።»

ከዚያ እስከ ዲላ ቀስ እያልኩ ነዳሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ብርቄ በር ከፈተች፤ አባቷን እንጂ እኔን አላየችኝም።

ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት፤ ዲላ ሆስፒታል

ሐኪሟ ፋሻውን በዝግታ ፈታች። ብርቄ ክንዴን ጨብጣ ይዛኛለች፤ ጥፍሯ እስካሁን አለ። ሐኪሟ በመብራት አየች፤ ወደ ጎን ሄዳ አየች፤ ደግማ አየች።

ስፌቱ አልተነካም አለች።

አባባ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ፤ ብዙ ቆዩባት፤ ብርቄ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሞራው ከጋረዳቸው ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ፊቴን ከአገጬ ጀምረው ወደላይ ቀስ እያሉ ወጡ፤ ግንባሬ ላይ ሲደርሱ ማብቂያውን አጡት።

«ፀጉርህ የት ሄደ?»

«መንገድ ላይ ቀረ፣ አባባ።»

«ታዲያ አትነግረኝም ነበር?» አሉ። «ቀስ በል እልህ ነበር።»