ባትላሜራው አብዱልመሊክ እና የሚያፏጨው መኪና

አብዱልመሊክ መቀስ አይጠቀምም። የወረቀት ፕላስተሩን ጥቅል በግራ መዳፉ ይዞ በቀኙ ይስባል፤ ክንድ ያህል ሲደርስ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን ብሎ ቀጭ ያደርገዋል። ጫፉን የፊተኛው በር መስታወት ከስፖኪዮው ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ያሳርፋል። ቀሪውን ወዲያው አይለጥፍም። በአየር ላይ ወጥሮ ይዞ፣ መስመሩን በዓይኑ አስተካክሎ፣ ከዚያ ነው ቀስ እያለ የሚያወርደው፤ ግማሹ መስታወቱን፣ ግማሹ በዳሩ ያለውን ማሸጊያ ጎማ እንዲይዝ። በመጨረሻ በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ይሄድበታል። አረፋ ከቀረ ነፋስ ይገባል፤ ነፋስ ከገባ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

እንዲህ እያለ የአራቱንም በሮች መስታወት ዙሪያቸውን አሸገ። የፊት መስታወቱን ጠርዝ አሸገ። ስፖኪዮዎቹ ከበሩ ጋር የሚገጥሙበትን ሁሉ አሸገ። ሲጨርስ፣ አዲሱ ጥቁር ኤስዩቪ ከአደጋ ተርፎ በፋሻ የተጠቀለለ ሰው መሰለ።

ዘዴው ቀላል ነው። መኪና ፍጥነት ሲይዝ ካፏጨ፣ ነፋስ የሚገባበት ክፍተት አለ ማለት ነው። ክፍተቶቹ ታሽገው ፉጨቱ ከጠፋ፣ ፕላስተሩ አንድ በአንድ ይላጣል፤ ፉጨቱ የተመለሰበት ቦታ ጥፋተኛው እሱ ነው። ከባለሙያው የሚፈለገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ትዕግሥትና ጆሮ።

ትዕግሥቱ አብዱልመሊክ ነበረው።

ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከወራቤ መጥቶ ፒያሳ አጎቱ ጋራዥ ገባና ባትላሜራ ሆነ፤ የተጨማደደ የመኪና ቆርቆሮ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ወደ ቦታው የሚመልስ ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ጣራው ዝቅ ባለ ቤት ውስጥ ቀጠቀጠ። በዚያን ጊዜ ጆሮውን ሸፍኖ የሚሠራ ባትላሜራ ቢገኝ የጋራዡ ሁሉ መሳቂያ ይሆን ነበር። ትከሻው እምቢ ሲለው ሙያውን ወደ መስታወትና የበር ጎማ አዞረ፤ እዚያም ስም አወጣ። አብዱልመሊክ የሚያልፍ መኪና ከመንገድ ማዶ ሰምቶ የትኛው በሩ እንደላላ ይናገራል እየተባለ ይወራለት ጀመር። ያኔ እውነት ነበር። የድሮው ሰፈር ፈርሶ ወደ አምስት ኪሎ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲዛወርም፣ ደንበኞቹ ጠይቀው አፈላልገው የመጡት ይህንኑ ወሬ ይዘው ነው።

ነገሩ የተገለጠው በምስር ነው። ካቻምና ሚስቱ መይሙና ጎረቤት ደርሳ ልትመለስ ወጣ ስትል፣ ፕሬዠር ኩከሩ ሲያፏጭ እሳቱን እንዲያጠፋ አደራ ብላው ሄደች። አብዱልመሊክ ከድስቱ ሁለት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ፉጨቱን ሲጠብቅ፣ ምስሩ አርሮ ጭሱ ግቢውን ሞላው። መይሙና ስትመለስ ድስቱ እየጮኸ ነበር፤ ባሏ ደግሞ ገና እየጠበቀ።

የጆሮ ሐኪሙ መርምሮ፣ ወፍራሙን ድምፅ እንደሚሰማ፣ ቀጭኑ ግን እንደሄደና እንደማይመለስ ነገረው። ንግግር ይሰማል፤ ክላክስ ይሰማል። የወፍ ድምፅ፣ የፌንጣ ድምፅ፣ በመስታወት ዳር የምትገባ የነፋስ ፉጨት፣ እነዚህ አልቀዋል። መይሙና ለደንበኞቹ ቢነግራቸው እንደሚሻል ደጋግማ መከረችው። እሱ ግን ጆሮ የሌለው ሰው ጋ የሚያፏጭ መኪና ማን ያመጣል እያለ አፏን ያስይዛታል። አንድ ሰው ካወቀ ፒያሳ አወቀ ማለት ነው፤ ፒያሳ ካወቀ ደግሞ ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው።

እንግዲህ ፀደንያ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። አርባ ያልሞላት፣ እዚያው አምስት ኪሎ መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ናት። መኪናው ከተገዛ ሁለት ወሩ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለሆነ የሞተር ጩኸት የለውም። የሞተር ጩኸት ስለሌለው ደግሞ ፉጨቱን የሚሸፍንላት ነገር የለም። ፍጥነቱ ሰማንያ ሲገባ አንዲት ቀጭን ድምፅ ከኋላዋ ትነሳና ጭንቅላቷን ትበሳዋለች። ሦስት ጋራዥ ዞራለች። አንደኛው አዲስ መኪና እስኪለምድ ነው አላት። ሁለተኛው ሲሊኮን ለቀለቀው። ሦስተኛው፣ «እህቴ፣ መኪናው አይደለም፤ መንገድ ዳር ያሉት ወንዶች ናቸው የሚያፏጩልሽ» ብሎ አሳቀባት። ባሏም አብሯት ሄዶ ሙዚቃ ከፍቶ ሲነዳ ምንም እንዳልሰማ ነገራት። አሁን ልትሸጠው ነው።

አብዱልመሊክ መጀመሪያ ቅዳሜ ዕለት አብሯት ወጣ። ድምፁ ሲመጣ፣ «ይኸው፣ ሰሙት?» አለችው። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። በሙያው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከስፖኪዮው ማዕዘን ነው፤ ስለዚህ በግምት የግራውን የፊት በር ማሸጊያ ጎማ ቀየረላት። በአራተኛው ቀን ተመልሳ ያው ነው አለችው። በሮቹን በወረቀት ፈተነ፤ ቁራጭ ወረቀት በበሩና በጎማው መካከል አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ መሳብ ነው። ወረቀቱ ከያዘ ጎማው ደኅና ነው። በስንዝር በስንዝር ሞከረ፤ ሁሉም ያዘ። የቀረው ፕላስተሩ ነበር፤ ለሱ ደግሞ ባዶ መንገድ ያስፈልጋል። እሁድ ጠዋት ተቀጣጠሩ።

በምኒልክ አደባባይ አልፈው፣ ከጊዮርጊስ የሚወጡ ምዕመናን እስኪሻገሩ ቆመው፣ በፓስተር አድርገው ዊንጌት ቀለበት መንገድ ገቡ። ትነዳለች፤ እሱ ከጎኗ ነው። ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። አብዱልመሊክ የአስፋልቱን ጉምጉምታ ይሰማል፤ አንድ የላላ የፕላስተር ጫፍ ሲርገበገብ ይሰማል። ሌላ የለም። በዘዴው አሰበው። ሁሉም ታሽጓል፤ ነፋስ መግቢያ የለውም፤ መግቢያ ከሌለ ፉጨት የለም።

«አሁንስ?» አለች ፀደንያ።

«ጠፍቷል» አለ፣ በሙሉ አፉ።

ጥቂት ከነዳች በኋላ ወደ ጎን መንገድ ወጥታ ዳር ያዘችና መኪናውን አቆመች። እጆቿን ከመሪው ሳታነሳ ዞራ አየችው።

«ጋሼ፣ እየጮኸ እኮ ነው።»

አብዱልመሊክ መስታወቱን አየ፤ ፕላስተሩን አየ። አንድ ውሸት ቢጨምር ይችል ነበር፤ ሦስቱ ጋራዦች ያሉትን መድገም ብቻ ነው። ጆሮሽ ነው፣ ትለምጂዋለሽ ቢላት፣ መኪናውን ሸጣ ትገላገለዋለች፤ እሱም ስሙን ይዞ ሱቁ ይመለሳል። አፉን ሊከፍት ሲል የሴትየዋን ፊት አየ። የተናደደ ሰው ፊት አልነበረም። ራሱን መጠራጠር የጀመረ ሰው ፊት ነበር፤ ድስቱ አጠገብ ተቀምጦ ሲጠብቅ ከተገኘበት ቀን ጀምሮ እሱ በመስታወት የሚያየው ፊት።

«አልሰማሁትም፣ ልጄ» አለ። «ቅዳሜም አልሰማሁትም። ቀጭን ድምፅ ጆሮዬ አይዝም። መዶሻው ወስዶታል። ሰምቻለሁ ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው።»

መሪውን አዙራ ወደ አምስት ኪሎ እንድትመልሰው ጠበቀ። ፀደንያ ግን ራሷን መሪው ላይ አስደግፋ ረዥም ትንፋሽ ለቀቀች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። ቀና ስትል እየሳቀች ነበር።

«ሁለት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ የለም ሲለኝ አብጄ ነው ብዬ ነበር» አለችው። «የለም አላሉኝም። አልሰማሁም ነው ያሉኝ። ይለያያል እኮ።» ከዚያ መድኃኒት ስታዝ እንደምትናገረው አድርጋ፣ ጆሮው እሷ እንደምትሆን፣ እጁን ግን እሱ እንዲያመጣ ነገረችው።

አብዱልመሊክ ያን ጊዜ ነው በትክክል ማሰብ የጀመረው። መደበቅ ለካ ብዙ ጉልበት ይበላል። መስታወቶቹ ሁሉ ታሽገው ፉጨቱ ካለ፣ መስታወቶቹ ንጹሕ ናቸው ማለት ነው። የቀረው በሩ ራሱ ከመኪናው አካል ጋር የሚገጥምበት ነው፤ እሱን ደግሞ ፕላስተር አልነካውም፤ ቢነካው ከመኪናው አይወጡም። ድምፁ ከወዴት እንደሚመጣ ጠየቃት። ከግራ ጆሮዋ ጀርባ ነው አለችው። ስለዚህ ከኋላዋ ሄዶ ተቀመጠ፤ ከውኃ ኮዳው ላይ የእጁን ጀርባ አራሰ። እርጥብ ቆዳ የክር ያህል ነፋስ እንኳ አያመልጠውም።

እንደገና ሰማንያ ገቡ። እጁን ከበሩ ሥር ጀምሮ ከጎማው ጋር ትይዩ እያደረገ ወደ ላይ አወጣው። ምንም። የበሩ ወገብ ላይ ምንም። በላይኛው ማዕዘን፣ የፊትና የኋላ በሮችን በሚለየው ቋሚ ብረት ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ የእጁን ጀርባ እንደ መርፌ ጫፍ ያለ ቅዝቃዜ ነካው። ቦታውን በአውራ ጣቱ ጫን አለው።

«ጠፋ» አለች ፀደንያ ከፊት።

ጣቱን አነሳ።

«መጣ።»

ጫን አለ። ጠፋ አለች። አነሳ። መጣ አለች። አምስት ጊዜ ደጋገሙት። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ነበር የሚመስለው፤ ትንፋሹ የመንገዱ ነፋስ፣ ጣቱ የሱ፣ ዜማውን የምትሰማው ግን እሷ ብቻ።

ቆመው በሩን ሲከፍቱት፣ ቋሚው ብረት ላይ ከፋብሪካ የመጣው ስስ ላስቲክ ገና አልተላጠም። ያን ያህል ስስ ስለሆነ ዓይን አልፎት ይሄዳል፤ ጥፍር ግን አያልፈውም። ጫፉ ተነስቶ፣ የበሩ ጎማ የሚያርፍበት ላይ ተጣጥፎ ገብቷል። እጥፋቱ ላይ ጎማው ይነክሳል፤ ወረቀቱን የያዘውም እሱ ነው። ከእጥፋቱ ጎን ግን የክብሪት እንጨት የምታሳልፍ ቦይ ቀርታለች፤ ነፋሱ በዚያች ሲሾልክ የላስቲኩ ጫፍ ይርገበገባል፤ ያፏጫል።

ሊልጠው ሲል ፀደንያ እጁን ያዘችው። ላስቲኩ እንዳይነሳ ያለችው እሷ ናት። የወንበሩም፣ የበሩም፣ ከመሪው ፊት ያለው የክሩስኮቱም አለ፤ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ አዲስነቱ እንዲቆይ ብላ። መኪናውን የሚያጥቡትን ሳይቀር ላስቲኩን እንዳትነኩ ብላ ትቆጣቸዋለች። አሁን ቢነሳ ያረጅብኛል ብላ አጉረመረመች።

«ማርጀቱ አይቀርም፣ ልጄ» አላት አብዱልመሊክ። «ሳያፏጭ ይርጅ።»

እጁን ለቀቀችው። ከአራቱም በሮች ላጠ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ፤ ጎማውን በጣቱ እያሸ ወደ ቅርጹ መለሰው፤ ፕላስተሩንም ሁሉ አነሳ። ከዚያ ሰማንያ ገቡ፤ ዘጠና ገቡ። አብዱልመሊክ በመሀከለኛው መስታወት ፊቷን ብቻ ነበር የሚያየው። ግንባሯ ላይ የነበረው መስመር ቀስ እያለ ተፈታ።

«ጠፋ?» አላት፣ ሰምቻለሁ ሳይል፣ ገምቻለሁ ሳይል።

«ጠፋ፣ ጋሼ። ዝም ብሏል።»

አብዱልመሊክ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። ከካቻምና ጀምሮ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ተነስቶ የወረደለት መሰለው። ሰኞ ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ፣ ሳይጠይቁት፣ አጠገቡ ጎማ ለሚለጥፈው ለተክላይ ጆሮው ቀጭን ድምፅ እንደማይሰማ ነገረው። ተክላይ ጎማውን ከማገላበጥ አላቆመም። እሱ ራሱ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አብዱልመሊክን በሹክሹክታ ሲሰድበው አንዴም መልሶ ስላልሰደበው ወይ ደንቁሯል ወይ መልአክ ሆኗል ሲል እንደከረመ፣ መልአክ እንዳልሆነ ደግሞ ያኔም ያውቅ እንደነበር ነገረው። ወሬው እንደተፈራው ፒያሳ ደረሰ። ሱቁ ግን አልተዘጋም። በዚያው ሳምንት ፀደንያ የላከቻቸው ሁለት ሰዎች የሚያፏጩ መኪኖች ይዘው መጡ፤ ሁለቱም መጀመሪያ የጠየቁት ከፊት ነው ከኋላ የምንቀመጠው ብለው ነው።

አብዱልመሊክ ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ልመና አለው። «መኪናችሁ ቢያፏጭ ቁልፉን አስቀምጣችሁልኝ አትሂዱ። አብራችሁኝ ውጡ፤ ሙዚቃውን አጥፉ፤ ሲመጣ መጣ፣ ሲጠፋ ጠፋ በሉኝ። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ በግራዬ በኩል፤ የግራው ጆሮዬ ይሻላል። እጁ ከኔ ነው።»