ከኦቦ ገመዳ ኋላ የሚራመደው

ወሬ ላይ ጨው መጨመር እንደምወድ አልክድም፤ ይህች ግን ጨው አልነካትም።

በጃንሆይ ጊዜ ሱሉልታ ስኖር፣ ጎረቤቴ ኦቦ ገመዳ ከአንገታቸው ላይ ነቀርሳ ተቆርጦላቸው የዳኑ ሽማግሌ ነበሩ። ሐኪሙ «ተኝተው አይዋሉ፤ ይንቀሳቀሱ» ካላቸው ወዲህ፣ በየማለዳው የጎጃምን መንገድ ይዘው ይገሰግሳሉ። ውሻዬ አንድ ቀን ተከትላቸው ሳምንት ሙሉ ተኝታለች።

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት እኔም አብሬያቸው ወጣሁ። ሜዳውን ሳናጋምስ ትንፋሼ አለቀ።

«ኦቦ፣ እባክዎ ትንሽ እንረፍ።»

«አይሆንም ልጄ። ከቆምኩ ይደርስብኛል።»

«ማን?»

«በሽታው ነዋ። ሐኪሙ ከገላዬ አወጣው እንጂ መች ገደለው? እስቲ አድምጥ።»

ጆሮዬን ብጥል፣ ከኋላችን ጭቃ የሚረግጥ ኮቴ ሰማሁ። ስንፈጥን ይፈጥናል፤ ስናዘግም ያዘግማል። ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም። ልሩጥ ስል ጭቃው አዳለጠኝና መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ዘጭ አልኩ። እሳቸው አልፈውኝ ሄዱ። ኮቴው ግን እኔ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

ኦቦ ገመዳ ጥቂት እንደተራመዱ ወደ ኋላቸው አዳመጡ። ከዚያ ሣሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ።

«ገለቶሚ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝ፤ «በል እንግዲህ፣ ተነስተህ ሂድ።»