የሻለቃ ታፈረ ደቦ

ሻለቃ ታፈረ ሠላሳ ዓመት ያህል በውትድርና ኖሮ፣ ደረቱ ላይ ሁለት ሜዳሊያ ደርድሮ ወደ ላይ ጋይንት፣ ወደ አባቱ መሬት ሲመለስ አገሩ በሆታ ተቀበለው። አንዱን የተሸለመው የቆሰለ ጓዱን ከጥይት መሃል ተሸክሞ በማውጣቱ ነው። ሁለተኛው ከሰላም ማስከበር የመጣ ነው። እዚያ አብሮት ያገለገለ አንድ እንግሊዛዊ ኮሎኔል፣ እሱም ሜዳሊያ በሜዳሊያ የሆነ፣ «አንተ ሰፈር ዝንብ እንኳ በሰልፍ ነው የምትበረው» ብሎት ነበር። ታፈረ ይቺን ቃል ንፋስ መውጫ ባጃጅ ላይ አብሮት ለተሳፈረ ሁሉ ተርኳታል። ሚስቱ የትናየት ግን ባሏን ስለምታውቀው፣ ሰውየው ያመሰገነው ይሁን ያሾፈበት እስከ ዛሬ አልለየላትም።

ጣጣው የመጣው አምና በገብስ አጨዳ ነው። በአገሩ ደንብ ደቦ የጠራ ሰው ጌታ አይደለም፤ አሳላፊ ነው። ጠላውን ይቀዳል፣ ንፍሮውን ያቀርባል፣ አጫጆቹ በዘፈን ሲሸነቁጡት ይስቃል። ታፈረ ግን ፊሽካ ይዞ ወጣ። አጫጆቹን በቁመት አሰለፈ፣ ዕረፍታቸውን በሰዓት ለካ። አብሮ አደጉ ደምሌ የዘፈኑ አውራጅ ነበርና ስለ ፊሽካው አንድ ስንኝ ጣል ቢያደርግ፣ «ሥራ ላይ ወሬ የለም» ብሎ አፉን አዘጋው። ደምሌ ማጭዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። የቀረው ሰው ያለ ዘፈን አጭዶ ጨረሰና ጠላውን ሳይቀምስ ተበተነ። ጠላ ትተው የሄዱበት ደቦ ነውር ነውና፣ ወሬው ከንፋሱ ቀድሞ ቀበሌውን አዳረሰ።

ዘንድሮ ገብሱ ደረሰ። ታፈረ ደቦ ብሎ ላከ። አንዱን ወገቡን አመመው፣ አንዱ መካነ ኢየሱስ ከተማ ክርስትና አለበት፣ የሌላው በሬ ጠፋ። በጉና ተራራ በኩል ደግሞ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ይጠቁር ጀመር። ባልና ሚስት ዓመቱን የሚበሉት ያንኑ ገብስ ነው፤ በረዶ ከወረደበት አለቀላቸው። ሁለቱ ብቻቸውን ገብተው ቢያጭዱ ከማሳው ጥግ ፈቀቅ ማለት አልቻሉም።

«ጦርህ ሲሸሽ ምን ታደርግ ነበር?» አለችው የትናየት።

«ምክንያቱን አጠናለሁ።»

«ይኸንንስ አታጥናው፤ ታውቀዋለህ።»

በማግስቱ የደምሌ ደቦ ነበር። ለደቦ የመጣ ሰው፣ ባይጠራም እንኳ አይመለስም። ታፈረ ፊሽካውን ቤት ትቶ፣ ማጭዱን ይዞ ሄደ። ደምሌ አየውና ከተርታው ጫፍ ያለውን ቦታ በአገጩ አሳየው። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ጠመንጃ የለመደ እጅ ማጭድ ከየት ያውቃል? ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ጥለውት አለፉ። ደምሌም ድምፁን ከፍ አድርጎ አወረደው፦

ደረቱ ሻለቃ ሜዳሊያ ያበራ፣
እጁ ምልምል ነው ማጭድ የሚፈራ።

ተቀባይ ጠፋ። ማጭዱ ሁሉ ቆመና ዓይን ሁሉ ወደ ታፈረ ዞረ። የታፈረ ፊት ቀላ፤ ያ የአምናው ቁጣ ተነሳበት። ገብሱ ትዝ አለው። እውነቱን ለመናገር ግን ያዳነው ገብሱ አይደለም፤ ግጥሙ ልክ ነበርና ሳቁ ቁጣውን ቀደመው። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ተረከዙን ገጠመ፣ ለደምሌ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠው።

«ምልምል ታፈረ ማጭድ በመማር ላይ ነኝ፣ ጌታዬ።»

ሰው ሁሉ ነዶው ላይ እስኪወድቅ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ወገቡ የታመመው ዳነ፣ የጠፋውም በሬ ተገኘ። በሳምንቱ አገሩ ማጭዱን ይዞ የታፈረ ማሳ ላይ ሰፈረ። ታፈረ ማሰሮ አቅፎ ከተርታ ተርታ ጠላ ሲቀዳ ዋለ። ስሙን ያላነሳ ግጥም አልነበረም፤ የኮሎኔሉ ዝንብ ሳትቀር ተዘፈነላት። የመጨረሻው ነዶ ተከምሮ ክምሩ እንደ ተከደነ ዝናቡ ዘነበ። ሰው ሁሉ እየተጋፋ ቤት ገባ።

«እንግዲህ ሻለቃ፣ እንዳይቆጭህ አንድ ትእዛዝ ስጠን» አለው ደምሌ።

ታፈረ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዝናቡ ክምሩን ነክቶ ወደ ታች ሲንሸራተት አየ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሊደብቀውም አልሞከረም።

«ጠጡ» አለ።

በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ፣ ሰው ሁሉ እኩል የፈጸመለት ትእዛዝ ያ የመጀመሪያው ነበር።