የከሳው ልቤ

እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ ፋብሪካ ስሠራ የደም ግፊት ያዘኝ። የጤና መድን ድርጅቴ፣ የቁፓት ሖሊም ሐኪሜ የልቤን ምስል አሳየችኝ፤ ግድግዳው ወፍሯል።

«የሆድሽ ስብ ሆርሞን ያመነጫል፤ እሱም ከግፊቱ ጋር አብሮ ልብሽን ያወፍረዋል» አለችኝ።

ተናደድሁ። ዘመድ ሁሉ «አገሩ ተስማማሽ» እያለ የመረቀው ሆዴ ለካ ሲያሴርብኝ ኖሯል። መድኃኒቴን ሳላቋርጥ፣ ጨው ቀንሼ፣ ከሥራ ስወጣ በማሪናው፣ በጀልባ ማቆሚያው ዳር ስራመድ ከረምሁ። በዓመቱ አዲሱን ምስል አየሁ፤ የልቤ ግድግዳ ወደ ልኩ ተመልሷል።

በዚያው ሳምንት ሰርግ ላይ አክስቴ ጉንጬን ዳብሰው «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ከሳሽ? ምን አገኘሽ?» ብለው እንባቸው መጣ።

«አያልቅሱ እቴቴ» አልኋቸው፤ «ልቤም አብሮኝ ከስቷል። ይልቅ እልል ይበሉልኝ።»

ምኑም ሳይገባቸው እልል አሉ፤ የሰርጉ ሴቶች ሁሉ ተቀበሏቸው።