ለራሱ ዓይን ሐኪም፣ ለአሊ ዓይን ጠብታ

ዛሬ አሰብ አውሮፕላን ማረፊያ የከተማችንን መነጽር ለኪ አገኘሁት፤ አንድ ዓይኑን በፋሻ ሸፍኖ ወደ አዲስ አበባ ሊበር ተሰልፏል።

«ምነው ጓድ፣ ያንን ጠብታህን አላደረግህበትም?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ ዓይን እኮ ነው! ሐኪም ሳያየውማ!»

ቀደም ሲል ጎረቤቴ አሊ ወደብ ላይ ማዳበሪያ ሲያራግፍ ብናኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ይኸው ሰው ጠብታ አዘዘለት፤ ቅላቱ ሲጠፋ «ድነሃል» ብሎ አሰናበተው። ዓይኑ ግን ውስጥ ውስጡን ቆስሎ ኖሮ፣ አሁን አያይበትም።

ሰውየው የተማረው መነጽር መለካት ብቻ ነው። መድኃኒት ለማዘዝ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ያላገኘ ሁሉ እጁን ከሰው ዓይን ላይ ያንሳ!

ሰውየው ራሱ ሊሳፈር ሲሰለፍ የአውሮፕላኑን አብራሪ «ፈቃድ አለህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም፤ እንዳለው ያውቃላ።

በእናንተስ ከተማ ለራሱ የማይደፍረውን መድኃኒት ለሰው የሚያዝዝ አለ? ንገሩኝ።